የምንጊዜም ምርጥ የፎርሙላ ዋን አሽከርካሪዎችን ደረጃ እንዴት እናውጣ? ከዋንጫ ቆጠራ የሚሻል መንገድ

በፎርሙላ ዋን ክርክር መጀመሪያ የሚነሳው ቁጥር 7 ነው። ሚካኤል ሹማከር 7 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ሉዊስ ሃሚልተንም 7። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆምና አንዱን ይመርጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጩኸት ብቻ ነው። ግን 51 ጊዜ ብቻ ተወዳድሮ 24 ጊዜ ያሸነፈውን ሁዋን ማኑዌል ፋንጂዮን የት እናስቀምጠው? አንድም ጊዜ ሻምፒዮን ሳይሆን ከዘመኑ ምርጦች የሚቆጠረውን ስተርሊንግ ሞስንስ?

ዋንጫ መቁጠር ቀላል ነው፤ ግን የሚለካው ሹፌሩን፣ መኪናውን፣ ዘመኑንና ዕድሉን አንድ ላይ አድርጎ ነው። እኛ የምንፈልገው ሹፌሩን ለብቻው መለየት ነው። ይህ ሙሉ በሙሉ አይሳካም፤ በደንብ መቅረብ ግን ይቻላል። የሚያስፈልጋችሁ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ወይም ኤክሴል ነው። ከ1950 ጀምሮ ያለው የእያንዳንዱ ውድድር ውጤት በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

1. ጥያቄውን አጥብቡ

መጀመሪያ የውድድሩን ዓይነት ወስኑ። ጥያቄው «በማንኛውም የመኪና ውድድር» ከሆነ ግራሃም ሂል በጣም ከፍ ይላል። የሞናኮ ግራንድ ፕሪን፣ የኢንዲያናፖሊስ 500ን እና የለ ማን 24 ሰዓትን፣ ሦስቱንም ያሸነፈ እሱ ብቻ ነው። በራሊ 9 ተከታታይ ዋንጫ የወሰደው ሰባስቲያን ሎብም ሊዘለል አይችልም። ራሊንና ፎርሙላ ዋንን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ግን ውጤቱን ግምት ብቻ ያደርገዋል። ስለዚህ እዚህ ፎርሙላ ዋን ላይ እንቆይ።

ቀጥሎ «ምርጥ» ስትሉ ምን ማለታችሁ እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ይህን መዝለል የሚያመጣውን ጣጣ በ2020 አይተናል። ፎርሙላ ዋን ከአማዞን ጋር ሆኖ ከ1983 ወዲህ ያሉትን ሾፌሮች ፍጥነት በኮምፒውተር አስልቶ ነበር። አየርተን ሴና 1ኛ፣ ሹማከር 2ኛ፣ ሃሚልተን 3ኛ ወጡ። እስከዚህ ብዙ ሰው ተስማማ። ግን በሕይወቱ አንድ ግራንድ ፕሪ (አንድ የፎርሙላ ዋን ውድድር) ብቻ ያሸነፈው ሄይኪ ኮቫላይነን 8ኛ፣ የ4 ጊዜ ሻምፒዮኑ ሰባስቲያን ቬትል ደግሞ 10ኛ ነበሩ። ሰዉ ተቆጣ። ስሌቱ የመለሰው «በማጣሪያ ዙር (የመነሻ ቅደም ተከተል በሚወሰንበት) ማን ይፈጥናል?» የሚለውን ብቻ ነው። ሰዎች ያነበቡት ግን «ማን ይበልጣል?» ብለው ነው።

የእኔ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «እኩል መኪና ቢሰጣቸው፣ በአንድ ቀን ሳይሆን በብዙ ዓመታት፣ ማን ከማን ይቀድማል?» ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የተሠራ ነው። የእናንተ ጥያቄ ሌላ ከሆነ በ8ኛው ደረጃ ላይ ያለውን ክብደት ትቀይራላችሁ።

2. ድሎችን ወደ መቶኛ ቀይሩ

20 ያህል ስሞች መዝግቡ። ከዚያ ያሸነፉትን ብዛት ለተወዳደሩበት ብዛት አካፍሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በ1950 የዓለም ሻምፒዮና ውድድሮች 7 ነበሩ፣ በ2024 ደግሞ 24። ዛሬ አንድ ሰው በሁለት ዓመት የሚነዳውን ያህል ውድድር ፋንጂዮ በሙሉ ሕይወቱ ነው ያገኘው።

ፋንጂዮ 51 ተወዳድሮ 24 አሸነፈ፤ 47 በመቶ። አልቤርቶ አስካሪ ከ32ቱ 13፤ 41 በመቶ። ጂም ክላርክ ከ72ቱ 25፤ 35 በመቶ። ሹማከር 91 ድል፣ 30 በመቶ ገደማ። ሃሚልተንና ማክስ ቨርስታፐን እስከ 2024 መጨረሻ 105 እና 63 ድል ነበራቸው፤ ሁለቱም 30 በመቶ አካባቢ ናቸው። ጃኪ ስቴዋርት ከ99ኙ 27፤ 27 በመቶ። አላን ፕሮስት ከ199ኙ 51፣ ሴና ከ161ዱ 41፤ ሁለቱም 26 በመቶ ገደማ። ሞስ ከ66ቱ 16፤ 24 በመቶ።

ነጥብ ግን በተለያየ ዘመን ባሉ ሾፌሮች መካከል ፈጽሞ አታወዳድሩ። በ1950ዎቹ አንድ ድል 8 ነጥብ ነበር፣ ከ2010 ወዲህ 25 ነው። «በታሪክ ብዙ ነጥብ የሰበሰበ» የሚለው መረጃ ማን በቅርቡ እንደነዳ ከመንገር አያልፍም።

3. ከቡድን ጓደኛው ጋር አወዳድሩት

ጊዜያችሁን በብዛት ማጥፋት ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው። ኃይሌንና ቀነኒሳን ስናወዳድር ቢያንስ ሁለቱም የሮጡት በገዛ እግራቸው ነው። እዚህ ግን መኪናው መሃል ይገባል። የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1950 እስከ 2014 ያለውን ውጤት በስታቲስቲክስ መርምረው ነበር። በውጤቱ ላይ የቡድኑ ድርሻ ከሾፌሩ ድርሻ እጅግ እንደሚበልጥ አገኙ። የቡድኑን ድርሻ ቀንሰው ደረጃ ሲያወጡ ደግሞ አንደኛ የሆነው ፋንጂዮ ነው።

አንድ ዓይነት መኪና የሚነዳ ተፎካካሪ አንድ ብቻ ነው፤ የቡድን ጓደኛ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስም የቡድን ጓደኞቹን በሙሉ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ዓመት ሦስት ነገር መዝግቡ፦ በማጣሪያ ማን ስንት ጊዜ ቀደመ፣ ማን ስንት አሸነፈ፣ ማን ስንት ነጥብ አገኘ። እዚህ ነጥብ መጠቀም ይቻላል፤ ዓመቱም ደንቡም መኪናውም አንድ ናቸውና።

ጥሩው መለማመጃ ሴናና ፕሮስት በማክላረን ቡድን ያሳለፉት 1988 እና 1989 ነው። በ1988 ማክላረን ከ16 ውድድር 15ቱን አሸነፈ፤ 8ቱን ሴና፣ 7ቱን ፕሮስት። በሁለቱ ዓመታት 32 የማጣሪያ ዙሮች ሴና 28 ጊዜ ቀደመ፣ ፕሮስት 4 ጊዜ ብቻ። በ1988 ሞናኮ ላይ ልዩነታቸው 1.4 ሰከንድ ነበር። በአንድ ዓይነት መኪና፣ ፕሮስትን በሚያክል ሰው ላይ! ማጣሪያ ብቻ የሚያይ ሰው ክርክሩን እዚህ ይዘጋል።

አሁን ዋናው ውድድር የሚካሄድበትን እሁድን እንይ። በሁለቱ ዓመት ሴና 14 አሸነፈ፣ ፕሮስት 11። ያገኟቸውን ነጥቦች በሙሉ ስንደምር ግን ፕሮስት 186፣ ሴና 154 ነው። በ1988 ብቻ ፕሮስት 105 ነጥብ ሰብስቦ ነበር፣ ሴና 94። የዚያን ጊዜው ደንብ ከ16 ውድድር ምርጥ 11 ውጤቶችን ብቻ ይቆጥር ስለነበር 90 ለ87 ሆነና ዋንጫው ለሴና ሄደ። ሁለቱም ደንቡን አውቀው ነው የነዱት፤ ስለዚህ ዋንጫው የሴና ነው። ለእኛ ጥያቄ ግን 105 እና 94 ብዙ ይናገራሉ። ለሴናም ፍትሕ እናድርግ፤ በ1989 መኪናው ደጋግሞ ተበላሽቶበታል።

ከዚያ የፕሮስትን ዝርዝር ወደ ታች ቀጥሉ። ኒኪ ላውዳ፣ ኬኬ ሮዝበርግ፣ ሴና፣ ናይጀል ማንሰል፣ ዴመን ሂል። አምስቱም በአንድ ወቅት የዓለም ሻምፒዮን የሆኑ ሰዎች ናቸው። በ1984 ላውዳ በግማሽ ነጥብ፣ 72 ለ71.5 ቀደመው፤ በድል ግን ፕሮስት 7፣ ላውዳ 5 ነበሩ። በ1990 ፌራሪ ውስጥ ፕሮስት 5 አሸነፈ፣ ማንሰል 1። በዋንጫ ቆጠራ ፕሮስት «የ4 ጊዜ ሻምፒዮን» ብቻ ሆኖ ይታለፋል። በዚህ መንገድ ስታዩት ግን ከእሱ የከበደ ፈተና ያለፈ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ሃሚልተንም እዚህ ያበራል። በ2007 ገና ጀማሪ ሳለ በተከታታይ ሁለት ዓመት ሻምፒዮን ከነበረው ፈርናንዶ አሎንሶ ጋር በአንድ ቡድን ተሰለፈ። ዓመቱ ሲያልቅ ሁለቱም 109 ነጥብ፣ ሁለቱም 4 ድል ነበራቸው። ኪሚ ራይኮነን በ110 ዋንጫውን ወሰደ እንጂ፣ አንድ ጀማሪ አሎንሶን እኩል መሆኑ ትልቅ ማስረጃ ነው።

በዚህ ደረጃ ላይ ሦስት ነገሮች ያሳስታሉ።

አንድ ዓመት ብቻ አትዩ። በ2014 ዳንኤል ሪካርዶ ሬድ ቡል ውስጥ ቬትልን 238 ለ167 ቀደመው፤ 3 ጊዜም አሸነፈ፣ ቬትል አንድም። ብዙ ሰው ቬትልን የሚያጣጥለው በዚህ ዓመት ነው። ያው ቬትል ግን ከ2009 እስከ 2013 የቡድን ጓደኛውን ማርክ ዌበርን በየዓመቱ ቀድሟል።

ዕድሜን አትርሱ። ሹማከር በ2010 ሲመለስ 41 ዓመቱ ነበር። ኒኮ ሮዝበርግ በመርሴዲስ ሦስቱንም ዓመት በነጥብ ቀደመው። ያ የ2002 ሹማከር አልነበረም። የማሽቆልቆያ ዓመታትን እኔ በግማሽ ክብደት እቆጥራለሁ፤ ሙሉ በሙሉ መሰረዝ ግን ትክክል አይመስለኝም።

የቡድን ትእዛዝንም ፈትሹ። በ2002 ኦስትሪያ ላይ የሹማከር የፌራሪ ጓደኛ ሩበንስ ባሪኬሎ እየመራ ሳለ መጨረሻው መስመር አጠገብ ለሹማከር እንዲለቅለት ተደረገ። የክላርክ ቡድን ሎተስም ለእሱ የሚሰጠውን ያህል ትኩረት ለሌላ አይሰጥም ነበር። ቡድኑ ለአንድ ሰው ብቻ በተሠራበት ቦታ የቡድን ጓደኛ ንጽጽር ዋጋው ይቀንሳል። ለዚህ ነው ለክላርክ 1967ን በተለይ የማየው። ግራሃም ሂል፣ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው፣ ሎተስ ገባ። ክላርክ 4 አሸነፈ፣ ሂል ምንም።

4. የመኪናውን ጥፋት ከሹፌሩ ላይ አንሱ

ያልተጨረሱ ውድድሮችን አውጡና ለእያንዳንዱ ምክንያቱን ጻፉ፦ መኪና፣ ሹፌር፣ ወይም ግጭት። አሰልቺ ሥራ ነው። ግን የክላርክን ነገር ያለዚህ መረዳት አይቻልም።

ክላርክ በ1962 የመጨረሻው ውድድር ደቡብ አፍሪካ ላይ እየመራ ሳለ ዘይት ፈሰሰበት። ዋንጫው ለግራሃም ሂል ሄደ። በ1964 ሜክሲኮ ላይ እየመራ፣ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ አሁንም ዘይት። ዋንጫው ለጆን ሰርቲስ ሄደ። 1963 እና 1965ን አሸንፏል። ማለትም ሁለት የዘይት ቀዳዳዎች ባይኖሩ ከ1962 እስከ 1965 አራት ተከታታይ ዋንጫ ነበር።

በ1967 ሞንዛ ላይ ደግሞ ጎማው ተበላሽቶ አንድ ሙሉ ዙር ወደ ኋላ ቀረ። ያንን ዙር መልሶ አግኝቶ መምራት ጀመረ። በመጨረሻው ዙር ነዳጅ አልደርስ ብሎት 3ኛ ወጣ። በመዝገቡ ላይ «3ኛ» ነው የሚለው። ከታዩት ታላላቅ አነዳዶች አንዱ መሆኑን ቁጥሩ አይነግራችሁም።

ሞትም እዚህ ይገባል። ክላርክ በሚያዝያ 1968 ሆከንሃይም ላይ ከፎርሙላ ዋን አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው የፎርሙላ ቱ ውድድር ሲሞት 32 ዓመቱ ነበር። አስካሪ 36፣ ሴና 34። ሊያሸንፉ ይችሉ የነበረውን በግምት አትጨምሩላቸው፤ ያልነዱትንም ዓመታት አትቁጠሩባቸው። መቶኛ የምንጠቀመው ለዚህም ጭምር ነው።

5. ዘመኑን አስተካክሉ

ፋንጂዮ የዓለም ሻምፒዮናው በ1950 ሲጀመር 38 ዓመቱ ነበር። ብዙ ሾፌር የሚያበራባቸውን ዓመታት ጦርነቱ ወስዶበታል። 5ቱንም ዋንጫ ከ40 ዓመቱ ጀምሮ ነው የወሰደው፣ የመጨረሻውን በ46 ዓመቱ፤ በአልፋ ሮሜዮ፣ በማዜራቲ፣ በመርሴዲስና በፌራሪ።

«ሁልጊዜ ምርጡን መኪና ይመርጥ ነበር» የሚለው ወቀሳ እውነትነት አለው። በዚያ ዘመን የቡድኑ ዋና ሹፌር የጓደኛውን መኪና መውሰድም ይችል ነበር፤ በ1956 ሞንዛ ላይ ፒተር ኮሊንስ መኪናውን ለፋንጂዮ ለቀቀለት፣ ዋንጫውም በዚያ ተገኘ። ይህን በወረቀታችሁ ላይ ጻፉበት።

ከዚያ ግን የ1957ቱን የኑርበርግሪንግ ውድድር አጠገቡ ጻፉ። ፋንጂዮ ነዳጅና ጎማ ለመቀየር ቆሞ ሲወጣ ሁለቱ ፌራሪዎች ከ45 ሰከንድ በላይ ቀድመውታል። አንዱ ዙር ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የዙሩን ክብረ ወሰን ደጋግሞ ሰበረ። በማጣሪያው ፖል ፖዚሽን (የመጀመሪያውን መነሻ ቦታ) ያገኘበት የራሱ ሰዓት 9 ደቂቃ ከ25.6 ሰከንድ ነበር፤ በውድድሩ ውስጥ 9 ደቂቃ ከ17.4 ሰከንድ ነዳ። ሁለቱንም ደረሰባቸው፣ አለፋቸው፣ አሸነፈ። የተሻለ መኪና ምርጫ ይህን አያብራራም።

6. ዝናብና ደካማ መኪና

መንገዱ ሲረጥብ ጎማ መሬት መያዝ ያቅተዋል፤ የሞተር ጉልበት ጥቅሙ ይቀንሳል፤ የሹፌሩ እጅና እግር ይታያል። ስለዚህ የዝናብ ውድድሮችን ለይታችሁ መዝግቡ። ስቴዋርት በ1968 ኑርበርግሪንግ በዝናብና በጉም፣ እጁ ተጎድቶ፣ ከ4 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ። ሹማከር በ1996 ስፔን ላይ፣ ሃሚልተን በ2008 ሲልቨርስቶን ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ ልዩነት፣ ሴና በ1993 ዶኒንግተን ላይ በመጀመሪያው ዙር ብቻ ከ5ኛ ወደ 1ኛ፣ ቨርስታፐን በ2024 ብራዚል ላይ ከ17ኛ ተነስቶ።

እነዚህ ቀናት ስለሚያምሩ ከሚገባቸው በላይ ክብደት ይሰጣቸዋል። ከ100ው 15 ይበቃቸዋል።

7. ጸባይን በተመለከተ አስቀድማችሁ ወስኑ

ሴና በ1990 ሱዙካ ላይ የመጀመሪያው መታጠፊያ ውስጥ ፕሮስትን ገጭቶ ሻምፒዮን ሆነ፤ በዓመቱ ሆነ ብሎ እንዳደረገው ተናገረ። ሹማከር በ1997 ሄሬዝ ላይ ዣክ ቪልነቭን ስለገጨ ከዓመቱ የሻምፒዮና ደረጃ ተሰረዘ። በሌላ በኩል ሞስ አለ። በ1958 ፖርቱጋል ላይ ተቀናቃኙ ማይክ ሆውቶርን ሊሰረዝ ሲል ሞስ ቀርቦ መሰከረለት፤ ነጥቡም ጸናለት። በዓመቱ መጨረሻ ሆውቶርን 42፣ ሞስ 41 ሆነ። ሞስ በዚያ ዓመት 4 አሸንፎ ነበር፣ ሆውቶርን 1።

ለእኔ ሆነ ብሎ ሰው መግጨት ነጥብ ያስቀንሳል። ሰው ይሞታል። ስቴዋርት ደህንነትን ለማሻሻል ያን ያህል የታገለው ጓደኞቹን ደጋግሞ ስለቀበረ ነው። እናንተ ሌላ ልትወስኑ ትችላላችሁ፤ ግን ስሞቹን ከማየታችሁ በፊት ወስኑ። አለዚያ ለምትወዱት ሹፌር ይቅርታ ትሰጡና ለምትጠሉት ትነፍጋላችሁ።

8. ክብደት ስጡና ደምሩ

የእኔ ክፍፍል ይህ ነው፦ ከቡድን ጓደኛ ጋር ንጽጽር 40፣ ምርጥ አምስት ዓመታት 20፣ በመቶኛ የተሰላ ድል 15፣ ዝናብና ደካማ መኪና 15፣ ጸባይ 10። ለእያንዳንዱ ሹፌር በየዓምዱ ነጥብ ሰጥታችሁ ደምሩ።

ከዚያ ፈትሹት። አንዱን ዓምድ አጥፉና እንደገና ደምሩ። የላይኞቹ ሦስት ከተተረማመሱ ዝርዝራችሁ የቆመው በአንድ ዓምድ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው። በሁለት ሾፌሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ነጥብ ካነሰ ደግሞ እንደ እኩል ቁጠሯቸው። እኔ ቅደም ተከተል የማስቀምጠው አንባቢ ስለሚጠይቅ ነው እንጂ 3ኛና 4ኛን በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም።

በዚህ መንገድ የእኔ አሥር እነዚህ ናቸው፦ ፋንጂዮ፣ ክላርክ፣ ሃሚልተን፣ ሹማከር፣ ፕሮስት፣ ሴና፣ ስቴዋርት፣ ቨርስታፐን፣ ሞስ፣ አሎንሶ።

ፕሮስት ከሴና በላይ መሆኑ ብዙ ሰው ያስቆጣል፤ አውቃለሁ። ለአንድ ዙር ሴናን እመርጣለሁ፣ ያለ ጥርጥር። ጥያቄያችን ግን ስለ ብዙ ዓመታት ነው፤ 186 ለ154 ደግሞ ከራሱ ከሴና ጋር የተገኘ ነው። የ1990ው ሱዙካም ከሴና ላይ ነጥብ ወስዷል። ሹማከር ከሃሚልተን ያነሰው በትንሽ ነው። በምርጥ አምስት ዓመታት ይበልጠዋል፤ በ2002 በእያንዳንዱ ውድድር ከ1ኛ እስከ 3ኛ ገብቶ መድረክ ላይ ወጥቷል። ግን ሃሚልተን ከአሎንሶ፣ ከጄንሰን በተንና ከኒኮ ሮዝበርግ ጋር ተፈትኗል። ሹማከር በፌራሪ ዓመታቱ ሻምፒዮን የሆነ ጓደኛ አልነበረውም። ሞስ ያለ ዋንጫ ከቬትል በላይ የገባው ደግሞ በ1955 መርሴዲስ ውስጥ ከፋንጂዮ ኋላ ተጣብቆ መንዳት የቻለ ሰው ስለሆነ ነው።

የቨርስታፐን ቦታ ገና ክፍት ነው። በ2023 ከ22 ውድድር 19 አሸነፈ። «መኪናው ነው» ለሚሉ መልሱ ሰርጂዮ ፔሬዝ ነው፤ በዚያው መኪና 2 ብቻ አሸነፈ፣ ነጥባቸውም 575 ለ285 ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ ሪካርዶ በ2018 መጨረሻ ከሄደ በኋላ እስከ 2024 ድረስ እኩል የሚገፋው ጓደኛ አልመጣበትም። እንዲህ ያለ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ሁለት ዓመት ከቀደመው፣ ከሴና በላይ አድርጌ እጽፈዋለሁ።